የነፃ መንጋ ጠባቂ

ነፃ እንዲሆን የተለቀቀን እንስሳ የሚጠብቅ ሰው ምኑን ነው የሚጠብቀው? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በዘመናችን በተለያዩ የአውሮፓ ደኖች ውስጥ ለዚሁ ተግባር ተቀጥረው፣ ዝናብ ቢጥል በረዶ ቢወርድ ከመንጋው ዱካ የማይለዩ ሰዎች በየዕለቱ የሚገጥማቸው የሥራ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2022 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ግዛት፣ ከካንተርበሪ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የብሊን ደን ውስጥ ሦስት ሴት የአውሮፓ ባይሰኖች ተለቀቁ። ሥራውን በጋራ የጀመሩት ሁለት የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች እንስሳቱ ከመምጣታቸው አስቀድሞ «የባይሰን ጠባቂ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አውጥተው ሁለት ሰዎች ቀጥረው ነበር። በአገሪቱ እንዲህ ያለ የሥራ መደብ ሲከፈት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ያመለከቱትም ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ። የሥራው ዓላማ በግልጽ ተነግሯል፤ እንስሳቱ በራሳቸው ኑሮ እየኖሩ፣ ሰው በመጋዝና በመጥረቢያ ሲሠራው የነበረውን ሥራ በቀንዳቸውና በትከሻቸው እየሠሩ፣ ደኑን ወደ ዱርነቱ እንዲመልሱት ነው። እንግዲህ ዓላማው ይህ ከሆነ ጠባቂው ለምን አስፈለገ? ጠባቂ ካስፈለገስ ነፃነቱ ወዴት አለ?

ጥያቄው ከእንስሳትም አልፎ የሚሄድ ነው። ደካማውን ደግፎ ራሱን እንዲችል ለማድረግ የሚነሳ ሁሉ፣ ወላጅም ይሁን መምህር፣ ሐኪምም ይሁን መንግሥት፣ ይዋል ይደር እንጂ ይደርስበታል። የባይሰኑ ጠባቂ ጉዳይ የሚለየው ግን በአንድ ነገር ነው። ልጅ ካደገ በኋላ ወላጁን ያመሰግናል ወይም ይወቅሳል። ባይሰን ግን ምንም አይልም። ጠባቂው የሠራው በቂ ይሁን ከልክ ያለፈ፣ ተጠባቂው መስክሮ አያውቅም። ስለዚህ መመዘኛውን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ስለ ቃሉ ጥቂት

በትርጉም ሥራ ላይ የቆየ ሰው ከነገሩ በፊት ስሙ ያስጨንቀዋልና፣ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። ባይሰንን በአማርኛ «ጎሽ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ጎሽ ግን በእኛ አኅጉር ሣርና ቁጥቋጦ መካከል የሚኖረው ባለ ሰፊ ቀንዱ እንስሳ ነው። የአውሮፓው ባይሰን ዘመዱ ይሁን እንጂ ራሱ አይደለም፤ ቡናማ፣ ጠጉራም፣ ጺማም፣ ትከሻው ከወገቡ በእጅጉ ከፍ ያለ፣ ትልቁ ወንድ ከስምንት መቶ ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችል የደን አውሬ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ባይሰን» እለዋለሁ።

ሁለተኛው ቃል «ጠባቂ» ነው። «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ስናገኘው ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። «ብ» ጠብቃ ስትነበብ ወይ «ከአደጋ ይከላከላል» ማለት ነው፣ ወይ «እስኪመጣ ድረስ ይታገሣል» ማለት ነው። ላልታ ስትነበብ ደግሞ «እንደ ገመድ ይከርራል፣ አይላላም» ማለት ይሆናል። ፊደላችን ሦስቱንም በአንድ መልክ ይጽፋቸዋል፤ ለይቶ የሚያነባቸው የዐረፍተ ነገሩን ሐሳብ የተረዳ ሰው ብቻ ነው። መከላከል፣ መታገሥና ማጥበቅ በአንድ ቃል መገናኘታቸው ለዚህ ጽሑፍ የተመቸ አጋጣሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የባይሰን ጠባቂው ሥራ ሦስቱንም ያካተተ ነውና፤ የሥነ ምግባር ጥያቄውም የትኛው መቼ ይሁን የሚለው ነው።

«እረኛ» ብለን ልንጠራው እንችል እንደ ሆነም አስቤ ነበር። ነገር ግን እረኛ መንጋውን የሚነዳ፣ ወደ ውኃ የሚያወርድ፣ ሲመሽ ወደ በረት የሚመልስ ሰው ነው። የሚጠብቀውም ለወተቱ፣ ለእርሻው ወይም ለሥጋው ሲባል ለባለቤቱ ነው። የባይሰኑ ጠባቂ ግን አይነዳም፣ አይመልስም፣ አያልብም። መንጋው ወዴት እንደሚሄድ የምትወስነው መሪዋ ሴት ናት፤ ጠባቂው ከኋላ ዱካ ተከትሎ ይደርሳል። እረኛ ከመንጋው ቢለይ ሥራውን በደለ ይባላል፤ ይህኛው ጠባቂ ግን ሥራው የሚሠምርለት መንጋው እርሱን ከነጭራሹ በማያስፈልገው ጊዜ ነው።

ዕዳው ከየት መጣ?

የአውሮፓ ባይሰን በጥንት ጊዜ በአኅጉሩ ሰፊ ደኖች ውስጥ ይኖር የነበረ እንስሳ ነው። ደኑ ለእርሻ ሲመነጠርና አደኑ ሲበረታ እየተገፋ ሄዶ፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በዱር የቀረው በሁለት ስፍራዎች ብቻ ነበር፤ አንደኛው ዛሬ ፖላንድና ቤላሩስ የሚጋሩት የቢያወቬዣ ደን፣ ሁለተኛው የካውካሰስ ተራሮች። ቢያወቬዣ ለዘመናት የነገሥታት የአደን ስፍራ ስለ ነበረ ባይሰኑ በዚያ ጠባቂ አልጠፋለትም ነበር፤ ይጠበቅ የነበረው ግን ለንጉሡ ጠመንጃ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ያ ጥበቃ ሲፈርስ፣ የተራበ ወታደርና ያለ ፈቃድ የሚያድን ሰው መንጋውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨረሰው። እ.ኤ.አ. በ1919 በቢያወቬዣ፣ በ1927 በካውካሰስ የመጨረሻዎቹ የዱር ባይሰኖች ተገደሉ።

ዘሩ ጨርሶ ያልጠፋው በየመካነ እንስሳቱና በየባለጸጋው ግቢ የተበታተኑ ከ60 የማይበልጡ ባይሰኖች በመቅረታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ባይሰንን ለማዳን ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1932 የእያንዳንዱ እንስሳ አባትና እናት የተጻፈበት የትውልድ መዝገብ መታተም ጀመረ። ዛሬ በምድር ላይ ያሉት የአውሮፓ ባይሰኖች በሙሉ የ12 እንስሳት ዘሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 የመጀመሪያዎቹ እንደ ገና በቢያወቬዣ ደን ተለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በዱር የነበሩት 1,800 ያህል ብቻ ሲሆኑ በ2019 ከ6,200 በላይ ደረሱ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በዲሴምበር 2020 የአደጋ ደረጃቸውን አንድ እርከን ዝቅ አደረገላቸው።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ዛሬ «የዱር» የምንለው ባይሰን በከፊል የሰው እጅ ሥራ መሆኑ ነው። ባል እንኳ የሚመረጥላቸው በመዝገብ ነው፤ ለብሊኑ መንጋ በዲሴምበር 2022 የመጣው ወንድ ከጀርመን ድረስ የተጓጓዘ ነበር። ሁለተኛው፣ ባይሰንን መልሶ ማቋቋም ችሮታ ሳይሆን ዕዳ መሆኑ ነው። የወሰደውን የሚመልስ ሰው ቸር አይባልም።

«የገደሉት አያቶች ናቸው፤ ልጆቹ ምን አደረጉ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ርስት ሲወረስ ዕዳውም አብሮ እንደሚወረስ ለአገራችን ሰው መንገር አያስፈልግም። ደኑ ተመንጥሮ የተገኘውን እርሻ፣ መንገድና ከተማ የወረሰ ትውልድ፣ ምንጣሮው ያስከተለውን ጉድለት ብቻ «የእኔ አይደለም» ሊል አይችልም።

እርግጥ መልሱ ከጎደለው ነገር ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል። በብሪታንያ በበረዶው ዘመን ይኖር የነበረው ሌላ፣ ዛሬ ከምድር የጠፋው የሜዳ ባይሰን ነው። ወደ ብሊን የመጣው የአውሮፓ ባይሰን የቅርብ ዘመዱ ሆኖ ቦታውን እንዲይዝ የተመረጠ ነው። ሁኔታው ተርጓሚ አቻ ያጣለትን ቃል በሚቀርበው ቃል ከሚተካበት ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል። ምትኩ ስሕተት አይደለም፤ ግን ምትክ መሆኑን መርሳት ስሕተት ነው።

በብሊን ደን

የብሊን ደን ከፊሉ ለእንጨት ንግድ ሲባል በአንድ ዓይነት የጥድ ዛፍ ተሞልቶ የነበረ ነው። ዛፎቹ ተጨናንቀው ብርሃን ወደ መሬት ስለማይደርስ ከሥራቸው የሚበቅለው ጥቂት ነበር። ባይሰን እንዲህ ባለ ስፍራ ሲገባ የዛፍ ቅርፊት ይልጣል፤ የተላጠው ዛፍ ቆሞ ይደርቅና የጢንዚዛና የእንጉዳይ፣ ከዚያም የግንደ ቆርቁር መኖሪያ ይሆናል። ቀጫጭኑን ዛፍ በትከሻው ገፍቶ ይጥላል፤ በወደቀበት ብርሃን ይገባል። አፈር ላይ ሲንከባለል የሚከፍተው ባዶ መሬት ለእንሽላሊትና ለተናካሽ ላልሆኑ ንቦች ጎጆ ይሆናል። በጠጉሩ ዘር ይዞ ይሄዳል፤ በእበቱ ሌላውን ይመግባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለደኑ አስቦ አይደለም። መኖሩ ብቻ ይበቃል።

ጠባቂው ታዲያ ምን ይሠራል? ከሁሉ በፊት አጥሩን ይፈትሻል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የአደገኛ የዱር አራዊት ሕግ መሠረት ባይሰን ያለ ፈቃድ የማይያዝ እንስሳ ነው፤ ፈቃዱም ጠንካራ አጥርን ግድ ይላል። ከዚያ መንጋው የት እንዳለ ያጣራል፤ አረማመዳቸውን፣ አበላላቸውን፣ ቁስል መኖር አለመኖሩን ከሩቅ ያያል። ወደ ደኑ ለሚመጣው ሕዝብ ያስረዳል። የማይሠራው ነገር ዝርዝርም የዚያኑ ያህል ረጅም ነው፤ አያለማምድም፣ አይዳብስም፣ እንግዳ ለማስደሰት ብሎ አይጠራቸውም። በሰው እጅ መብላት የለመደ ባይሰን ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው፤ ፍቅሩን በእጁ የገለጸለት ሰው ውሎ አድሮ ሊያስገድለው ይችላል።

በሴፕቴምበር 2022፣ እንስሳቱ በተለቀቁ በሁለተኛው ወር ማለቂያ አካባቢ፣ በደኑ ውስጥ አንዲት ጥጃ ተወለደች። እናቲቱ ማርገዟን ማንም አላወቀም ነበር፤ ባይሰን ለአዳኝ አውሬ ቀላል ሲሳይ እንዳትሆን እርግዝናዋን እስከ መጨረሻው የምትሰውር እንስሳ ናት። በየቀኑ የሚያዩአት፣ ጤናዋን የሚከታተሉ ሰዎች ሳያውቁ፣ ሳይረዷት፣ አጠገቧ ሳይቆሙ ወለደች። ዜናው በዓለም ሲሰማ ሁሉም «ድንቅ» አለ። እኔ ግን ከድንቅነቱ ይልቅ ቁም ነገሩ ይታየኛል። ጠባቂ የተቀጠረላት እንስሳ ከሕይወቷ ሁሉ ትልቁን ነገር ያለ ጠባቂ ፈጸመች። ይህ የጠባቂው ጉድለት ሳይሆን የሥራው ስኬት ነው። «ጠበቀ» በሁለተኛው ትርጉሙ፣ በመታገሥ ትርጉሙ፣ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመጣውን ሳያውቁ፣ እንዲመጣ ቦታ ትቶ መቆየት።

ከብሊን ብቻ ተነስቶ ለሚፈርድ ሰው መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ጠባቂ እጁን ይሰብስብ፣ ተፈጥሮ የራሷን ታውቃለች ይላል። ነገር ግን በባሕሩ ማዶ፣ በሆላንድ የሆነው ይህን መልስ ያናጋዋል።

እጅን መሰብሰብ ሲከፋ

ኦስትቫርደርስፕላሰን ከአምስተርዳም በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕር በተነጠቀ መሬት ላይ የሚገኝ 5,600 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ረግረጋማ የተፈጥሮ ክልል ነው። በ1980ዎቹ የጥንቱን የዱር ከብት እንዲተኩ ተብለው የተመረጡ ከብቶችና ፈረሶች፣ በ1992 ደግሞ ቀይ አጋዘኖች ገቡበት። ባይሰን በዚያ ባይኖርም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ትልልቅ ሣር በል እንስሳት በራሳቸው እየኖሩ መሬቱን ይሥሩት የሚል። መመሪያውም ሰው ጣልቃ አይግባ የሚል ነበር። መንጋው በመልካም ዓመታት እየበዛ ሄዶ ከ5,000 አለፈ። ተኩላ በዚያ አልነበረም። ዙሪያውም አጥር ነበር።

በ2017 መጨረሻ የገባው ብርድ በ2018 ሲበረታ ሣሩ አለቀ። እስከ ጸደይ ድረስ ከ3,000 በላይ እንስሳት ሞቱ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በረሃብ እስኪወድቁ አልተጠበቁም፤ ክረምቱን እንደማያልፉ ሲገመት ሥቃያቸውን ለማሳጠር በጠባቂዎች ጥይት ተመቱ። ሕዝቡ ተቆጣ። ሰዎች በአጥሩ ላይ ድርቆሽ ይወረውሩ ጀመር፤ በጠባቂዎቹ ላይ ዛቻ ደረሰ። በዚያው ዓመት የፍሌቮላንድ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት የእንስሳቱ ቁጥር እንዲቀነስና በልክ እንዲወሰን ወሰነ።

የመመሪያው ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ከንቱ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪቃ ሜዳዎች ድርቅ ሲገባ አውሬው በብዛት ይሞታል፤ ማንም «ለምን አትመግቡም?» አይልም። ሞት የዱር ሕይወት አካል ነው፤ ሞትን የማንታገሥ ከሆነ የምንፈልገው ዱር ሳይሆን የሚያምር በረት ነው ይላሉ። ሐሳቡ ጥንካሬ አለው። አንድ ነገር ግን ይዘልላል። በድርቅ የተመታ የሜዳ እንስሳ ዝናቡን ተከትሎ ይሰደዳል፤ ቢሞትም የሚሞተው የሚሄድበትን ፈልጎ ሲያጣ ነው። በኦስትቫርደርስፕላሰን ግን ከአጥሩ ማዶ ሣር ነበረ። ክልሉን ከፌሉዌ ደኖች ጋር የሚያገናኝ መተላለፊያ እንዲሠራ ታቅዶም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት ገንዘቡን ሲያነሳ ዕቅዱ ቀረ። በሩ እንደሚያስፈልግ ታውቆ ሳይከፈት የቀረበት ግቢ ውስጥ የደረሰን ረሃብ «የተፈጥሮ ሥራ ነው» ማለት፣ ገመዱን ያጠበቀው ሰው እጁን ደብቆ «ገመዱ ነው» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጠባቂዎቹም ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ጥይቱን የተኮሱት እነርሱ ናቸው። ዕቅዱን የነደፉት፣ መተላለፊያውን ያስቀሩት ግን ሌሎች ናቸው። የሕዝቡ ቁጣ ያረፈው በዓይን በሚታየው፣ ጭቃ በነካው ሰው ላይ ነው። አንድ ሥርዓት ውሳኔውን ቢሮ ውስጥ አድርጎ ሸክሙን ለመስክ ሠራተኛ ሲተው፣ በደሉ በእንስሳው ላይ ብቻ አይቀርም። መሪዎች የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር ይባላል፤ እንዲህ ባለ ጉዳይም ከውሳኔው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጠባቂው ነበር።

ድርቆሽ መስጠትስ?

በሌላው ጫፍ ቢያወቬዣ አለ። በፖላንድ በኩል ባይሰኖች በደን ውስጥ በነፃነት ይኖራሉ፤ በክረምት ግን ድርቆሽ በታወቁ ስፍራዎች ይቀርብላቸዋል። ሥርዓቱ የቆየ ነው፤ ዓላማውም ሁለት ነው፤ እንስሳቱ ብርዱን እንዲያልፉና ወደ ገበሬው ማሳ እንዳይወጡ። ከጥፋት ጫፍ ለተመለሰ ዘር ይህ ጥንቃቄ ትርጉም ነበረው።

ነገር ግን ድርቆሽም ዋጋ አለው። በተፈጥሮው በክረምት በየአቅጣጫው መበታተን የሚችል መንጋ በአንድ ክምር ዙሪያ ይሰበሰባል። በተጠጋጉ ቁጥር የሆድ ትላትል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። 12 ብቻ ቅድመ አያቶች ያሉት ዘር በሽታን የሚቋቋምበት ብዝኃነት ጠባብ ስለሆነ አደጋው ቀላል አይደለም። ጥጆቹም ከእናቶቻቸው የሚማሩት ደኑን ሳይሆን የክምሩን ቦታ ይሆናል። ርኅራኄው እውነተኛ ነው፤ ያስከተለው ጥገኝነትም እንዲሁ እውነተኛ ነው። የጠባቂ ሆድ የሚረጋጋበት ነገር ሁሉ ለተጠባቂው የሚበጅ አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ጫፎች አየን። በአንደኛው እጅ ተሰብስቦ ጥፋት ሆነ፤ በሌላው እጅ ተዘርግቶ ጥገኝነት መጣ። «መካከለኛው መንገድ ይሻላል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ግን መካከለኛ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚነግረን መለኪያ ከሌለ ይህ ምክር ባዶ ነው።

መለኪያው

በበኩሌ መለኪያው ይህ ይመስለኛል፤ የጠባቂው ዕዳ የሚለካው እንስሳው ምን ያህል የዱር ነው በሚል ሳይሆን፣ እኛ ያጠርነው አጥር ምን ያህል ጠባብ ነው በሚል ነው። እንስሳው ችግሩን በራሱ መፍታት የሚችልበትን መውጫ የዘጋ ሰው፣ መውጫው በተዘጋበት መጠን ኃላፊ ነው። አጥሩ ሲጠብቅ የጠባቂው እጅ መዘርጋት አለበት፤ አጥሩ ሲላላ እጁም ሊሰበሰብ ይገባል። ጣልቃ አለመግባት በጎነት የሚሆነው እንስሳው የሚሄድበት ሲኖረው ብቻ ነው።

አጥር ስል ሽቦና ብረት ብቻ ማለቴ አይደለም። የ12 ቅድመ አያቶች ጠባብ ዘር ራሱ አጥር ነው፤ ስለዚህ በመዝገብ ባል መምረጥ ጣልቃ ገብነት ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው። ከሰው ጋር የመጣ በሽታም አጥር ነው። ለዚህ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ከማንም የተሻለ ምስክር ነው። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ይህ በዓለም ላይ በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ በየጊዜው በእብድ ውሻ በሽታ ይጠቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የነበረው ወረርሽኝ ብዙዎችን ጨርሷል። በሽታው የሚተላለፍበት ከቤት ውሾች ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ውሾቹንም ቀበሮዎቹንም መከተብ ይዘዋል፤ ከ2018 ወዲህ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ በአፍ የሚሰጥ ክትባትም በሥራ ላይ ውሏል። «አውሬን መከተብ ዱርነቱን መንሣት ነው» የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ በሽታውን ያመጣነው እኛ ከሆንን መድኃኒቱን ማምጣትም የእኛ ነው። ለዚያው ቀበሮ ግን ፍልፈል አድኖ መስጠት አያስፈልግም። አደኑን ያውቅበታል፤ ያንን መንገድ አልዘጋንበትም።

በዚህ መለኪያ ስናየው የብሊን ጠባቂዎች ለምን ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ማየት፣ አንዳንዴም ሐኪም መጥራት እንዳለባቸው ግልጽ ይሆናል። መንጋቸው በአጥር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አጥሩ ውስጥ ለሚደርስ ረሃብና መጨናነቅ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ጥጃ መውለድን፣ ከመሪዋ መማርን፣ የትኛውን ዛፍ መላጥን ግን አጥሩ አልከለከለም፤ ስለዚህ በእነዚህ ውስጥ የጠባቂ እጅ ቦታ የለውም።

«ሰው ያልነካው ነገር በሌለበት ዘመን እንዲህ ያለው ዕዳ ማለቂያ አይኖረውም» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ዕዳው ሰፊ መሆኑን አልክድም፤ ወሰን የለውም ማለት ግን አይደለም። ሰፊ ደን ውስጥ ያረጀ ባይሰን በበረዶ ላይ ቢወድቅ፣ ተኩላ ጥጃ ቢነጥቅ፣ እነዚህ እኛ የዘጋናቸው በሮች ያመጧቸው አይደሉም። ማየት ያሳዝናል፤ ማዘን ግን ሁልጊዜ ዕዳ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። በቢያወቬዣ ደን ውስጥ ዛሬ ከባይሰን በላይ የሚወራለት ሌላ አጥር አለ። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ከቤላሩስ ጋር በሚያዋስናት ድንበር ላይ ቁመቱ 5.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 186 ኪሎ ሜትር የሆነ የብረት አጥር ሠርታ አጠናቀቀች፤ አጥሩ ደኑን ለሁለት ይከፍላል። የተሠራው ስደተኞችን ለማገድ ነው፤ በዚያ በኩል ለማለፍ ከሚሞክሩት መካከል ከእኛ ቀጠና የሄዱ ወጣቶችም ይገኛሉ። ሰው በብርድ በሚንገላታበት ደን ውስጥ ለአውሬ ድርቆሽ ሲቀርብ፣ ስለ ባይሰን ነፃነት መጻፍ የቅንጦት ጉዳይ አይሆንም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ለአንዱ ያለውን እንክብካቤ ቀንሶ ለሌላው መስጠት አይመስለኝም፤ ለባይሰን የተነፈገ ድርቆሽ ለሰው እንጀራ አይሆንም። ይልቁንም በሁለቱ ጉዳዮች ውስጥ የሚታየው ልማድ አንድ ነው፤ አጥር ማጠር፣ ከዚያም በአጥሩ ምክንያት የሆነውን ብርዱ፣ ደኑ ወይም ዕጣ ፈንታ አደረገው ማለት። በእንስሳ ላይ ይህን ማመካኛ የለመደ ኅብረተሰብ በሰው ላይም ይደግመዋል፤ በሰው ላይ የለመደም በእንስሳ ላይ አይቸገርም። ስለዚህ «አጥሩን ያጠረው መልስ ይስጥ» የሚለው ደንብ በሁለቱም ቦታ የሚሠራ ደንብ ነው፤ ለሰው ሲሆን ደግሞ እጅግ የጠና ነው፤ ሰው ስሙን ጠርቶ ሊከስስ ይችላልና።

ከዚህ ተነስቶ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሁሉ መንጋውን በሚለቅበት ቀን ሦስት ነገሮችን በግልጽ ቢናገር መልካም ነው። እንስሳቱ ሲበዙ መውጫቸው ወዴት እንደ ሆነ ይናገር፤ መውጫ ከሌለም ቁጥራቸው በምን እንደሚወሰን አስቀድሞ ይወስን። ክፉ ክረምት ሲመጣ የመመገብ ወይም የመተኮስ ውሳኔ የማን እንደ ሆነ በስሙ ይታወቅ፤ ወሳኙም ውሳኔው በሚፈጸምበት ቀን ከጠባቂው ጎን ይቁም። ሦስተኛው፣ አጥሩ እስከ መቼ እንደሚቆይና እንዲሰፋ ምን እንደሚደረግ ያስታውቅ። እነዚህን የማይመልስ ዕቅድ ጠባቂ መቅጠሩ ብቻ አይበቃውም፤ የሚቀጥረው መንጋ ጠባቂ ሳይሆን ለራሱ ጥፋት ተጠያቂ የሚሆንለት ሰው ነው።

ጠባቂው በበኩሉ ከሥራው የሚያገኘው ምስጋና ጥቂት ነው። መንጋው አያውቀውም፤ ቢያውቀው ኖሮ ሥራው በተበላሸ ነበር። ማለዳ ተነስቶ አጥሩን ይዞራል፤ የጠበቀውን ሽቦ ይፈትሻል፤ ከዛፎቹ መካከል ቡናማ ትከሻ እስኪታየው ይጠብቃል፤ ሲታየው ቆጥሮ ይመለሳል። አንድ ቀን አጥሩ ቢሰፋ፣ ዘሩ ቢበረክት፣ ደኖቹ በመተላለፊያ ቢገናኙ፣ የሚዞረው ነገር እያነሰ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ግን አጥሩ የእኛ ነውና፣ መዞሩም የእኛ ነው።